ወይራ የታጠነ ደግነት

በደቡቡ ቆላ ለማያውቁት ሰው የተሠራ ስጦታ መንገድ ዳር ተትቶ አይኬድም፤ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ይቀባበሉታል።

ጪጮ የሚባለው የወተት ዕቃ በእጅ ሲይዙት ቀላል ነው፤ ሥራው ግን አድካሚ። የቦረና ሴት ኤርገምሳ የሚባለውን ተክል ቀጫጭን ሥር ቆፍራ ታወጣለች፣ ታለሰልሳለች። ከዚያ በወስፌ እየወጋች፣ ዙር በዙር ላይ እየደረበች፣ ወተት የማያሳልፍ ዕቃ እስኪሆን ታጠብቀዋለች። ሲያልቅ የወይራ ፍም ውስጡ ይጨመርና ይወዘወዛል፤ ጭሱ ለወተቱ መዓዛ ይሰጠዋል፣ ቶሎ እንዳይበላሽም ያደርገዋል።

ከዚህ ዕቃ የሚቀዳው ወተት የቤተሰቡ ብቻ አይደለም፤ ደጃፍ የደረሰ መንገደኛም ድርሻ አለው። መጀመሪያ “ነጋ?” ይባላል፤ ሰላም ነው ወይ እንደ ማለት። ሰውም ከብቱም ዝናቡም ሣሩም በየተራ ይጠየቃል። ቀጥሎ ወተቱ ይመጣል፤ ወይም ከነገለባው በቅቤ የተጠበሰው ቡና ቀላ።

ባሕር ማዶ ሌላ ዓይነት ደግነት አለ። ሜጋን መርፊ የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ2015 በኬፕ ኮድ የባሕር ዳርቻ ጠጠር ላይ የማበረታቻ ቃል እየጻፈች ትታ መሄድ ጀመረች፤ ልማዱም ወደ ብዙ አገር ተዛመተ። ያገኘው ያነሣዋል፤ ማን እንደተወለት አያውቅም። ደስ የሚለውም ይኸው ነው፤ ውለታ የለበትም። የቦረናዋ እመቤት ግን እንግዳውን ባዕድ ሆኖ እንዲሄድ አትተወውም። ወተቷን ለመጠጣት መቀመጥ፣ ለመቀመጥም ከየት እንደመጡ መናገር ግድ ነው።

ነገሩ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የደረቅ አገር ሕግ ነው። በዱብሉቅና በሌሎቹ የቱላ ጉድጓዶች ወንዶች አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ውሃውን በባልዲ ይቀባበላሉ። ተራውን የሚቆጥረው አባ ሄሬጋ ነው። ከብት ተራውን ይጠብቃል፤ የተጠማ ሰው ግን የሚጠጣውን አይከለከልም።

ውሃ ሲከለከል ምን እንደሚመጣ የነገሌ ቦረና ከተማ አሳምራ ታውቃለች። በጥር 1966 ዓ.ም. እዚያ የሰፈረው የ4ኛ ብርጌድ ወታደር በምግቡ ተማርሮ ሳለ የውሃ ፓምፑ ተበላሸበት። ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንቅዳ ቢል እንቢ ተባለ። አመፀ፤ አዛዦቹንም አሰረ። ንጉሠ ነገሥቱ የላኳቸውን ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለንም ይዞ እሱ የሚበላውን አበላቸው፣ የሚጠጣውን አጠጣቸው። በየካቲት የፈነዳው አብዮት የመጀመሪያ ጩኸት ከዚያች ጉድጓድ አፋፍ ተሰማ።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. 5 የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ደግሞ ቦረና ራሱ ተቀባይ ሆነ። ከብቱ አለቀ፤ ጪጮዎቹ ባዶ ቀሩ። ያኔ የቦረናን ከተማ ያቤሎን በካርታ እንኳ ፈልጎ የማያውቅ ሰው ሁሉ ገንዘብ አዋጣ፣ እህልና ውሃ ጫነ። ለዘመናት ለመንገደኛ ሲቀዳ የኖረው እጅ የማያውቀው ሰው የላከለትን ተቀበለ።

ዛሬ በቆላው ከተሞች ወተት በቢጫ ጀሪካን ሲጓዝ ማየት የተለመደ ነው። ጀሪካን አይሰበርም፣ ዋጋውም ርካሽ ነው፤ ሥር መቆፈርም፣ በወስፌ መድከምም የለበትም። ግን ፍም አይገባበትም።

የኬፕ ኮድ ጠጠር ባነሣው ሰው ኪስ ይቀራል። ጪጮው ግን እንግዳው ጠጥቶ ሲያበቃ ወደ ሠራችው እጅ ይመለሳል። ታጥቦ ይደፋል፤ ማለዳ ላሞቹ ከመታለባቸው በፊት ወይራው እንደገና ይጨስበታል። ማን እንደሚጠጣበት ገና አልታወቀም።