የማጭድ መልክ ስላለው ደምና ስለ አዲሱ ሕክምናው

በ1904 ዓመተ ምሕረት በአውሮጳውያን አቈጣጠር፣ ከግሬናዳ ደሴት ለትምህርት ወደ አሜሪካ የሄደ አንድ ወጣት በቺካጎ ከተማ ታሞ ሐኪም ቤት ገባ። ጄምስ ሄሪክ የተባለው ሐኪምና ረዳቱ ደሙን በአጉሊ መነጽር ቢመለከቱ፣ ክብ ሊሆኑ የሚገባቸው ቀያይ የደም ህዋሳት እንደ ማጭድ ጐብጠው አገኙአቸው። ሄሪክ ያየውን በ1910 ጽፎ አሳተመ፤ ምክንያቱን ግን ሊያውቀው አልቻለም።

በቀድሞው መጽሐፍ ሕዋሳት ሲባል ዐይንና ጆሮ እነዚህንም የመሰሉ ናቸው፤ በዛሬዎቹ ሊቃውንት አነጋገር ግን ህዋስ ማለት ሕይወት ያለው አካል ሁሉ የተሠራበት፣ በዐይን ብቻ የማይታይ ታናሽ ክፍል ነው። ጤነኛው ቀይ የደም ህዋስ 120 ቀን ያህል ሲኖር የጐበጠው ግን ከ10 እስከ 20 ቀን ቈይቶ ይፈርሳል፤ ስለዚህ በሽተኛው ሁልጊዜ ደም ያንሰዋል። ከዚህም የሚብሰው፣ የጐበጡት ህዋሳት ቀጭኑን የደም ሥር ሲዘጉት በአጥንትና በደረት የሚነሣው ሥቃይ ነው። ሥቃዩ በውጭ የሚታይ ቍስል ስለሌለው፣ ሕመምተኛው አንዳንድ ጊዜ ሐኬተኛ ነው ተብሎ ይታማል።

በ1949 ሊኑስ ፓውሊንግ ከባልደረቦቹ ጋራ፣ የበሽታው ሥር ሄሞግሎቢን የሚባለው ኦክሲጂንን ከሳምባ ተቀብሎ ለአካል ሁሉ የሚያደርሰው ነገር መሆኑን ገለጠ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ቨርነን ኢንግራም በካምብሪጅ ቢመረምረው፣ ከዚያ ረጅም ሰንሰለት የተለወጠችው አንዲት ቀለበት ብቻ ሆና ተገኘች። ይህም ብራና ሲገለብጥ አንዲት ፊደል የሳተ ጸሓፊ የቃሉን ትርጓሜ ሁሉ እንደሚያፋልስ ያለ ነው። ስሕተቷንም ልጅ ከአባትና ከእናት ይወርሳል፤ ከአንደኛው ወገን ብቻ የወረሳት ግን ጽኑውን የወባ ንዳድ የሚቋቋም ስለ ሆነ፣ ወባ በበዛበት አገር ስሕተቷ ሳትጠፋ ኖራለች።

ለመድኃኒቱ በር የከፈተው ነገር ከሕፃናት ተገኘ። በ1948 ጃኔት ዋትሰን የተባለች ሐኪም በኒው ዮርክ፣ በሽታው ያለባቸው ሕፃናት በተወለዱባቸው በመጀመሪያዎቹ ወራት የማይታመሙት በማሕፀን ሳሉ የነበራቸው ሌላ ዓይነት ሄሞግሎቢን ገና ስላላለቀ ነው ስትል አስረዳች። ይህ የሕፃንነት ሄሞግሎቢን ኋላ ለምን እንደሚቋረጥ ለማወቅ ግን ስድሳ ዓመት ፈጀ፤ ቢ ሲ ኤል 11 ኤ የተባለው ዘረ መል እንደ ቍልፍ እንደሚዘጋው በቦስተን የታወቀው በ2008 ነው። በ2012 ደግሞ ኤማኑኤል ሻርፓንቲዬና ጄኒፈር ዳውድና ዘረ መልን በተፈለገው ስፍራ የሚቈርጥ መሣሪያ አስታወቁ፤ ስለዚህም በ2020 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

የአሁኑ ሕክምና እንግዲህ የተሳተችውን ፊደል ፍቆ የሚያርም አይደለም፤ ቍልፉን ሰብሮ የሕፃንነቱን ደም መልሶ የሚያፈስ ነው። ደም የሚያፈሩት ህዋሳት ከሕመምተኛው ተወስደው በውጭ ይታደሳሉ፤ ያረጀው መቅኔ በጽኑ መድኃኒት ከጠፋ በኋላም ወደ እርሱ ይመለሳሉ። ያ መድኃኒት መካን ሊያደርግ ስለሚችል ነገሩ ቀላል አይደለም። ቢሆንም በቂ ጊዜ ከተጠበቁት 31 ሰዎች መካከል 29ኙ ቢያንስ ለ12 ተከታታይ ወራት ጽኑው ሥቃይ ሳይነሣባቸው ቈይተዋል። የእንግሊዝና የአሜሪካ መንግሥታትም ሕክምናውን በ2023 መጨረሻ ፈቀዱ።

ዋጋው በአሜሪካ ለአንድ ሰው 2 ሚሊዮን 200 ሺህ ዶላር ተብሎ ተቈረጠ። በሽታው ያለባቸው ሕፃናት የሚበዙት ግን ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪቃ ነው። ለእነዚህ በቶሎ ሊደርስ የሚችለው ሃይድሮክሲዩሪያ የሚባለው፣ በአሜሪካ በ1998 ለዚህ በሽታ የተፈቀደው የሚዋጥ መድኃኒት ነው፤ እርሱም በሽታውን አይነቅለውም እንጂ ያንኑ የሕፃንነት ሄሞግሎቢን ስለሚያበዛ ሥቃዩን ያሳንሳል። የሚወስደው ልጅ ደሙ በየጊዜው ሊመረመር ይገባዋልና፣ ክኒኑ በሚታደልበት ስፍራ ሁሉ መመርመሪያ መሣሪያና የሠለጠነ ሰው አብሮ መገኘት አለበት።