አይጥና ሠፈራችን
በጅቡቲ ከተማ አይጥን በኅብረት ስለ መከላከል

አይጥ ሳይጋበዝ ከሰው ጋር አብሮ የሚኖር እንስሳ ነው። ሰው እህል በሚያከማችበት፣ ቆሻሻ በሚጥልበትና ውሃ በሚያፈስበት ቦታ ሁሉ ይገኛል። ስለዚህ በአንድ ሠፈር አይጥ በዛ ማለት፣ በዚያ ሠፈር ለአይጥ የሚሆን ምግብ፣ ውሃና መደበቂያ በዛ ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ የጅቡቲን ከተማ ምሳሌ አድርገን፣ አይጥ እንዴት እንደሚራባ፣ ምን ጉዳት እንደሚያደርስና የሠፈር ሰው ተባብሮ እንዴት ሊከላከለው እንደሚችል እንመለከታለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወደቡና አይጡ

ጅቡቲ የወደብ ከተማ ናት። በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር መነሻ ነበረች። ዛሬም የኢትዮጵያ ስንዴና ማዳበሪያ በብዛት የሚገባው በእርሷ በኩል ነው። መርከብና የእህል ጆንያ ባሉበት ደግሞ አይጥ አይጠፋም። ከዚህም የተነሣ መርከቦች ከአይጥ ነጻ መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ወረቀት እንዲይዙ ለብዙ ዘመን ይገደዱ ነበር። በ2007 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ ይህን ወረቀት በመርከብ ንጽሕና ምስክር ወረቀት ተክቶታል፤ ይኸውም የሚያገለግለው ለስድስት ወር ነው።

በዓለም ወደቦች የሚታወቁት የአይጥ ዓይነቶች በተለይ ሁለት ናቸው። አንደኛው ግራጫው አይጥ ነው። አካሉ ወፍራም፣ ጅራቱ ከአካሉ ያጠረ ሲሆን፣ መሬት ቆፍሮ ወይም በፍሳሽ ቦይ ውስጥ ይኖራል። ሁለተኛው ጥቁሩ ወይም የጣሪያ አይጥ ነው። ቀጠን ያለ፣ ጅራቱ ከአካሉ የረዘመና በግድግዳና በሽቦ ላይ መውጣት የሚችል ነው። በቁጥር በሚጠሩት የከተማይቱ አሮጌ ሠፈሮች ብዙ ቤቶች ከሳንቃና ከቆርቆሮ የተሠሩ ስለሆኑ፣ በሳንቃና በቆርቆሮ መካከል ያለው ክፍት ቦታ ለዚህ አይጥ የተመቸ ጎጆ ነው።

የግራጫዋ አይጥ የእርግዝና ጊዜ ከ21 እስከ 23 ቀን ብቻ ነው። በአንድ ጊዜ ስምንት ያህል ልጆች ትወልዳለች። ልጆቿም ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ለመውለድ ይደርሳሉ። ተማሪዎች እርሳስ ይዘው የአንድ ጥንድ አይጥን የስድስት ወር ዘር ቢያሰሉ፣ ነገሩን ከእኛ ንግግር ይልቅ ቁጥሩ ያስረዳቸዋል።

የሚያደርሰው ጉዳት

የአይጥ የፊት ጥርሶች ዕድሜውን ሙሉ ያድጋሉ። ስለሆነም ሳያቋርጥ መከርከም አለበት። የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲከረክር እሳት ሊያስነሣ ይችላል፤ በሳንቃ በተሠራ ሠፈር ደግሞ አንድ ብልጭታ የስንቱን ቤት እንደሚያቃጥል መገመት አያስቸግርም።

በጤና በኩል ያለው ጉዳት ከዚህ የበለጠ ነው። የአይጥ ሽንት ሌፕቶስፓይሮሲስ የተባለውን በሽታ ያስተላልፋል። ጅቡቲ በኖቬምበር 2019 እንደ ደረሰባት ያለ ጎርፍ በሚመጣበት ጊዜ፣ በባዶ እግር በተኛ ውሃ ውስጥ የሚመላለሱ ልጆች በዚህ በሽታ ሊያዙ ይችላሉ። የአይጥ ቁንጫ ደግሞ የታይፈስ በሽታንና ወረርሽኙን ቸነፈር ታስተላልፋለች። አሌክሳንደር የርሲን የቸነፈርን ባክቴሪያ በ1894 በሆንግ ኮንግ ለይቶ አወቀ። ፖል ልዊ ሲሞን በ1898 በካራቺ፣ በሽታውን ከአይጥ ወደ አይጥ የምታሻግረው ቁንጫ መሆኗን አሳየ። ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ በ2017 በማዳጋስካር ከ2,000 በላይ ሰዎች በቸነፈር ታመው፣ ከ200 በላይ ሞተዋል።

መግደል ብቻ ለምን አይበቃም?

በምናውቀው አንድ ሠፈር፣ የአንድ ቤት ሰዎች በአይጥ ተማርረው ከገበያ ስሙ ያልተጻፈበት መርዝ ገዝተው በየጥጉ በተኑ። ጥቂት አይጦች በግድግዳው ውስጥ ሞተው ቤቱ ገማ። የጎረቤት ሁለት ድመቶችም ሞቱ። በመርዙ አጠገብ ስትድህ የተገኘች ሕፃን የተረፈችው እናቷ ቀድማ ስላየቻት ብቻ ነው። ሁለት ወር ሳይሞላ አይጡ እንደ ነበረ ሆነ። ምክንያቱም ከቤቱ በስተጀርባ ያለው የቆሻሻ ክምር አልተነካም ነበር። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ማለት ይህ ነው።

በሳይንስ በኩል ነገሩ ግልጽ ነው። አንድ አካባቢ የሚይዘው የአይጥ ብዛት በምግቡና በመደበቂያው የተወሰነ ነው። ግማሹ ቢገደል፣ ለቀረው ግማሽ ምግቡ ይተርፈዋል፤ ስለዚህ ቶሎ ይራባና ቦታውን ይሞላል። በ1940ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ፣ በባልቲሞር ከተማ የተደረገው ጥናትም አይጥን ለዘለቄታው የሚቀንሰው የአካባቢ ጽዳት መሆኑን አሳይቷል። በ1902 የፈረንሳይ ቅኝ ገዥዎች በሃኖይ ለእያንዳንዱ የአይጥ ጅራት ገንዘብ መክፈል ጀመሩ። ሰዎቹም ጅራቱን እየቆረጡ አይጡን ለቀቁት፤ አንዳንዶችም አይጥ ማርባት ያዙ።

ከዚህም በላይ በከተማ የሚኖር ግራጫ አይጥ ብዙውን ጊዜ ከጎጆው ከ30 እስከ 50 ሜትር አይርቅም። ይህ ርቀት የብዙ ጎረቤታሞችን ቤት ያካትታል። ስለዚህ አንድ ቤት ብቻውን ቢጸዳ፣ አይጡ ማደሪያውን ከጎረቤት አድርጎ ይመላለሳል። ሥራው የመንደሩ ሁሉ ሥራ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ምን እናድርግ?

፩. መቁጠር። ማታ በግድግዳ ሥር ጥቂት ዱቄት ይነስነስና ጠዋት የእግር ዱካው ይታይ። ተማሪዎች ዱካና ጉድጓድ የተገኘበትን ቦታ በመንደር ካርታ ላይ ምልክት ያድርጉ። ከአንድ ወር በኋላ ተደግሞ ሲታይ ሥራው መሥራት አለመሥራቱ ይታወቃል።

፪. ምግቡን ማራቅ። እህልና ዱቄት ክዳን ባለው የብረት ወይም ወፍራም ዕቃ ይቀመጥ። ለፍየልና ለድመት እየተባለ በየደጃፉ የሚጣል ትርፍራፊ ከመምሸቱ በፊት ይነሣ። ቆሻሻ ክዳን ባለው በርሜል ተጠራቅሞ ለከተማው የጽዳት ሠራተኞች በሰዓቱ ይሰጥ። ይህ ሲሆን ቁራዎቹም ይቀንሳሉ።

፫. ውሃውን መንፈግ። ግራጫው አይጥ በየቀኑ ውሃ ይፈልጋል። እንደ ጅቡቲ ባለ ደረቅ አገር ይህ ለእኛ ትልቅ መሣሪያ ነው። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ይጠገን፤ የውሃ በርሜል ይከደን፤ ከአየር ማቀዝቀዣ የሚንጠባጠበው ውሃ አፈር ላይ ከሚተኛ በጀሪካን ይጠራቀም።

፬. መግቢያውን መድፈን። ለትንሽ አይጥ የአንድ ጣት ስፋት ያለው ቀዳዳ ይበቃዋል። ቀዳዳ በሲሚንቶ፣ በቆርቆሮ ወይም በጠንካራ የሽቦ ወንፊት ይደፈን። ጨርቅና እንጨት አይጠቅሙም፤ ይከረክራቸዋል።

፭. ወጥመድ። አይጥ አዲስ ዕቃ ይጠራጠራል። ስለሆነም ወጥመዱ ሳይጠመድ፣ ምግብ ብቻ ተደርጎበት ለጥቂት ቀናት በግድግዳ ሥር ይቀመጥ፤ ከለመደው በኋላ ይጠመድ። የሞተውን አይጥ በባዶ እጅ መንካት ክልክል ነው፤ ቁንጫው ሌላ አካል ይፈልጋልና።

፮. መርዝ በመጨረሻ። የተለመደው መርዝ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ሲሆን፣ አይጡን የሚገድለው ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። መርዙ ከተዘጋ ሳጥን ውጭ አይቀመጥ፤ ሥራውንም የሠለጠነ ሰው ይሥራው። ሕፃን ከቀመሰው፣ ደኅና ቢመስልም እንኳ፣ የመርዙን መያዣ ይዞ ወዲያው ወደ ሐኪም መሮጥ ያስፈልጋል። መድኃኒቱ ቫይታሚን ኬ ስለሆነ፣ ሐኪሙ የመርዙን ዓይነት ማወቅ አለበት። መርዝ ሳይቀመጥ ብዙ አይጦች ሞተው ቢገኙ ግን የቸነፈር ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይነኩ ለጤና ሠራተኞች ማስታወቅ ይገባል።

መምህራን ይህን ትምህርት ከካርታው ቢጀምሩ መልካም ነው። ተማሪው የራሱን ደጅ በካርታው ላይ ሲያይ የጎረቤቱንም ያያል፤ የማን ትርፍራፊ የማንን አይጥ እንደሚቀልብም ይገነዘባል። ወላጆች በአንድ ሳምንት፣ በአንድ መንደር፣ በአንድነት እንዲነሡ ሊያደርግ የሚችለው ይህ ካርታ ነው።