ድምፅ ሳይቈጠር የታወጀ ድል

«የቸኰለች አፍስሳ ለቀመች» ይላል የአገራችን ሰው። ምሳሌው የተነገረው ስለ እህል ነው፤ እህልስ ቢፈስ ተለቅሞ ወደ ቁናው ይመለሳል። በአንድ ሌሊት 150,000 ቅጂ ታትሞ የተበተነ ጋዜጣ ግን እንደ ምን ተለቅሞ ያልቃል?

ውድ አንባብያን ሆይ፤ አሮጌ ጋዜጣ አብዛኛውን ጊዜ የሱቅ ዕቃ መጠቅለያ ሆኖ ይቀራል እንጂ ደግሞ የሚያነበው የለም። ይሁን እንጂ በአንድ ቀን የወጡትን አርእስቶች አቧራቸውን አራግፎ ለሚመለከታቸው ሰው፣ እያሳቁ የሚያስተምሩ ሆነው የሚገኙበት ጊዜ አለ። ጥቅምት 24 ቀን 1941 ዓ.ም.፣ ይኸውም በአውሮፓውያን አቈጣጠር ኖቬምበር 3 ቀን 1948፣ በአሜሪካ የወጡት ጋዜጦች ከእነዚህ መካከል ናቸው።

በዋዜማው ማክሰኞ የአሜሪካ ሕዝብ ፕሬዚዳንቱን ለመምረጥ ድምፁን ሰጥቶ ነበር። ተወዳዳሪዎቹም በሥልጣን ላይ የነበሩት ሃሪ ትሩማንና የኒው ዮርክ ገዥ ቶማስ ዲዊ ነበሩ። ዐዋቂ የተባለ ሁሉ ማለት ይቻላል ስለ ውጤቱ አልተጠራጠረም። ኒውስዊክ የተባለው መጽሔት አስቀድሞ ኀምሳ የፖለቲካ ጸሐፊዎችን ቢጠይቅ፣ ኀምሳውም ዲዊ ያሸንፋሉ ብለው መለሱ። የሕዝብን አሳብ እየጠየቁ በማጥናት የታወቁት ኤልሞ ሮፐርም፣ ነገሩ ያለቀለት ነው በማለት ገና በሴፕቴምበር ወር መጠየቁን ትተውት ነበር። ትሩማን ግን በባቡር ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ፣ በየጣቢያው ከኋለኛው ፉርጎ ሰገነት ላይ ቆመው ሕዝቡን ያነጋግሩ ነበር።

በቺካጎ ከተማ የሚታተመው ቺካጎ ዴይሊ ትሪቢዩን ትሩማንን አጥብቆ የሚቃወም ጋዜጣ ነበር። በዚያ ወራት ደግሞ ፊደል ለቃሚዎቹ ሥራ ካቆሙ አንድ ዓመት ያህል ሆኖአቸው ነበር። ስለዚህም ጽሑፉ ሁሉ በጽሕፈት መኪና እየተጻፈና በወረቀት ላይ እየተለጠፈ ፎቶግራፍ ከተነሣ በኋላ በብረት ላይ ይቀረጽ ነበር። ይህም ብዙ ሰዓት ስለሚፈጅ፣ የመጀመሪያው እትም ወደ ማተሚያው መኪና ሲገባ የድምፁ ቈጠራ ገና ጅምር ነበር። አዘጋጆቹ ምን ያድርጉ? የዋሽንግተን ወኪላቸው አርተር ሲርስ ሄኒንግ ካለፉት አምስት ምርጫዎች የአራቱን አሸናፊ አስቀድመው የተናገሩ ሰው ነበሩና፣ የእርሳቸውን ግምት አምነው «ዲዊ ትሩማንን ድል አደረጉ» የሚል አርእስት በታላላቅ ፊደል አተሙ። ከጥድፊያውም የተነሣ ጥቂት መስመሮች ተገልብጠው፣ ራሳቸው ወደ ታች እግራቸው ወደ ላይ ሆኖ ወጡ። ሐሰቱን ቀና ብሎ መናገር አሳፍሮአቸው ይመስላል።

ትሪቢዩን ብቻውን አልተሳሳተም። ጆርናል ኦፍ ኮሜርስ የተባለው የንግድ ጋዜጣ በዚያው ዕለት፣ ከፕሬዚዳንት ዲዊ ምን እንደሚጠበቅ የሚያስረዱ ስምንት ጽሑፎችን አወጣ። ድሩ ፒርሰን ከዲዊ ጋር ወደ ቤተ መንግሥት የሚገቡትን ባልደረቦች ለአንባቢዎቻቸው ያስተዋውቁ ነበር። ወንድማማቾቹ ጆሴፍና ስቱዋርት ኦልሶፕም፣ ትሩማን ሥልጣናቸውን እስኪያስረክቡ ድረስ ያሉትን ዐሥር ሳምንታት መንግሥቱ እንደ ምን ሊያልፋቸው ነው እያሉ ይጨነቁ ነበር። እነዚህ ሁሉ ምርጫው ሳይታወቅ ተጽፈው ያደሩ ናቸው። ልጅ ሳይወለድ ስም የሚያወጣ ሰው አይታጣም፤ እነርሱ ግን የክርስትናውን ድግስ ደግሰው ጎረቤት ጠሩለት።

ተሸነፉ የተባሉት ትሩማንስ ምን ያደርጉ ነበር? በሚዙሪ ክፍለ ሀገር፣ ኤክሴልሲየር ስፕሪንግስ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ሳንድዊች በልተው ወተት ጠጥተው በጊዜ ተኝተው ነበር። እኩለ ሌሊት ላይ ነቅተው ራዲዮ ቢከፍቱ፣ ካልተንቦርን የተባሉት ዕውቅ ዜና ተናጋሪ፣ ትሩማን በድምፅ እየመሩ ቢሆንም መሸነፋቸው አይቀርም ሲሉ ሰሙ። ራዲዮውን ዘግተው ተመልሰው ተኙ። ቈጠራው ሲያልቅ ትሩማን ከሁለት ሚሊዮን በሚበልጥ ድምፅ፣ በወኪል መራጮችም 303 ለ189 አሸንፈው ተገኙ።

ትሪቢዩን በዚያው ሌሊት አርእስቱን ለወጠ፤ የተበተነውንም ቅጂ እንዲሰበስቡ ሰዎች ላከ። ነገር ግን «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ነውና፣ ከምርጫው ሁለት ቀን በኋላ በሴንት ሉዊስ ባቡር ጣቢያ አንዱ ቅጂ ከትሩማን እጅ ገባ። እርሳቸውም በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ይዘው እየሣቁ ለሕዝቡ አሳዩት። የዚያ ጊዜ ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ ድረስ ይታያል።

እነዚያ ሁሉ ሊቃውንት የተሳሳቱት ዕውቀት አንሶአቸው አይደለም። ሕዝቡን መጠየቅ ሲያቆሙ፣ ሕዝቡ ምን እንደሚል መናገሩን አለማቆማቸው ነው። አንዱ ጸሐፊ የሌላውን ግምት እንደ ምስክር ሲቀበል፣ የገበሬውና የሠራተኛው ቃል ገና በድምፅ መስጫው ሣጥን ውስጥ ነበር። ዛሬ ወሬ በእጅ ስልክ በደቂቃ ከቤት ቤት ሲደርስ፣ እኛም በየቤታችን አርእስት አውጪዎች ሆነናል። የእገሌ ትዳር ፈረሰ፣ የእገሊት ልጅ ከፈተና ወደቀ እያልን፣ ባለቤቱን ሳንጠይቅ እናውጃለን። አባቶቻችን «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ያሉት ስለዚህ ነው።

የዚህ ታሪክ ፍጻሜ ግን መልካም ነው። በአሜሪካ ስሕተቱን አምኖ የተዋረደ ሰው «ቁራ በላ» ይባላል። ዋሽንግተን ፖስት የተባለው ጋዜጣ ለትሩማን ቴሌግራም ልኮ፣ የተሳሳቱት ጋዜጠኞችና ተንባዮች ሁሉ ጠንካራ የአሮጌ ቁራ ሥጋ የሚበሉበት ግብዣ ሊያደርግ እንዳሰበ ገለጠ። የክብር እንግዳው ትሩማን ግን ተርኪ የሚባለውን፣ አሜሪካውያን ለበዓል የሚያርዱትን ትልቅ ወፍ ይበላሉ፤ እርሳቸው የክብር ልብስ ሲለብሱ፣ የቀሩት ማቅ ለብሰው ይመጣሉ አለ። ትሩማንም በማንም ላይ ለመኩራራት፣ ማንንም ቁራ ሲበላ ለማየት እንደማይሹ መለሱ። ይልቁንም ሁሉም በኅብረት ሠርቶ፣ እያንዳንዱ ሰው በወደደ ጊዜ ተርኪ የሚበላባት አገር ማድረግ ይገባናል አሉ።

የተሳሳተው ማቅ ለመልበስ አላፈረም፤ ያሸነፈውም ማቁን አላስለበሰውም። የዚያን ቀን አርእስቶች አንብበን ከሣቅን በኋላ፣ ይህን የቴሌግራም ምልልስ ለልጆቻችን ብንነግራቸው መልካም ነው።