የፈረንሳይ ጥብስና የጎሬ ገበታ

ፈረንሳዮች ቢስትሮ የሚሉት ትንሽ ምግብ ቤት ነው፤ ባለቤቱ ራሱ እንግዳውን ያስተናግዳል፤ ሥጋውም በፍርግርግ ብረት ላይ በፍም ይጠበሳል፤ ለወደደ ሰው ደሙ ሳይደርቅ ይቀርብለታል። ጥሬ ሥጋ የለመደ ሰው ይህን አይደነቅበትም።

ባቡር በ1909 ዓ. ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ የፈረንሳዮች አመጋገብ በዚያ ታወቀ፤ ቡፌ ዴ ላ ጋር የተባለው የጣቢያው ምግብ ቤት ስሙ እንኳ ፈረንሳይኛ ነው። ወደ ጎሬ ግን የባሕር ማዶ ዕቃ የሚመጣው በባሮ ወንዝ፥ በጋምቤላ በኩል ነበር።

ሹካውና ቢላዋው ከየትም ይምጣ፤ እኛን ደስ የሚያሰኘን የአቀማመጡ ነገር ነው። በቀድሞው ልማድ በብዙ ትልቅ ቤት ጌታው ሲመገብ ልጆች ቆመው ይጠብቁ፥ እመቤቲቱም ስታስተናግድ ትውል ነበር። በቢስትሮ ግን ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋራ ባንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው፥ ሳይቸኩሉ እየተጫወቱ ይበላሉ። ይህን በጎሬ በገዛ መሶባችን ዙሪያ ማድረግ ምን ይከብዳል?

በቡናው ነገር ግን አንስማማም፤ ፈረንሳዮች ከምግብ በኋላ አንዲት ሲኒ ጠጥተው ይነሣሉ፤ በኢሉባቦር ቤት ግን ሦስት ጊዜ ሳይቀዳ ማንም አይነሣም።