ጥያቄው ወደሚገባው ክፍል እንዲደርስ፦ ስለ ድረ ገጽ አድራሻ አመራር አጭር ማብራሪያ



በደማምና በኾበር የሚኖሩ ወገኖቻችን፣ በተለይም በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እኅቶቻችን፣ ሲታመሙ የት እንደሚሄዱና ሕመማቸውን በዐረብኛ እንዴት እንደሚያስረዱ የሚያሳይ የአማርኛ ድረ ገጽ እንዲቋቋም በማኅበራችን ውስጥ ሐሳብ ቀርቧል። ሥራውን የሚሠሩት የኮምፒዩተር ተማሪዎች ቢሆኑም፣ የገጹ አድራሻ እንዴት ይመራ የሚለው ውሳኔ የሁላችንም ነው። በመሆኑም እኛ የሕክምና ተማሪዎች ጉዳዩን አጥንተን፣ ሙያው ለሌለው አባል እንዲገባ አድርገን እንደሚከተለው አቅርበነዋል።

1. አድራሻው ምን ምን ይዟል?

ዩ አር ኤል እየተባለ የሚጠራው አድራሻ በ1994 እ.ኤ.አ. ደረጃ የወጣለት ሲሆን፣ በዋነኛነት አራት ክፍሎች አሉት። አንደኛው የመገናኛው ሥርዓት ስም ነው፤ ዛሬ በአብዛኛው ኤች ቲ ቲ ፒ ኤስ ነው። ሁለተኛው የአስተናጋጁ ስም፣ ሦስተኛው በሰያፍ መስመር እየተከፈለ የሚሄደው መንገድ፣ አራተኛው ደግሞ ከጥያቄ ምልክት በኋላ የሚጻፈው መጠይቅ ነው። በሆስፒታል ብንመስለው፣ የአስተናጋጁ ስም ዋናው በር ነው፤ መንገዱ ከካርድ ክፍል ወደ ሕፃናት፣ ወደ ማዋለጃ ወይም ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚወስደው ኮሪደር ነው። በሽተኛውን አይታ «አንተ ወዲህ፣ አንቺ ወዲያ» የምትለውን ተረኛ ነርስ ሥራ በድረ ገጽ ላይ የሚሠራው የአመራር ሰንጠረዥ ይባላል።

2. በክላውድ ላይ አመራሩ እንዴት ይሠራል?

ክላውድ ስሙ ደመና ቢሆንም፣ በታወቀ ከተማ፣ በታወቀ ሕንፃ ውስጥ የተደረደሩ ማሽኖች ስብስብ ነው። ጉግል በኖቬምበር 2023 (ኅዳር 2016 ዓ.ም.) በደማም ሦስት ዞኖች ያሉት የክላውድ ክልል ከፍቷል። ማሽኖቹ ብዙ ስለሆኑ፣ ከፊት የቆመው የጭነት አከፋፋይ እያንዳንዱን ጥያቄ ይቀበልና በመጀመሪያ የአስተናጋጁን ስም፣ ቀጥሎ መንገዱን ተመልክቶ ለሚመለከተው አገልግሎት ያስተላልፋል። የትኛውም ደንብ ያልገጠመው ጥያቄ ወደ ነባሪው አገልግሎት ይሄዳል።

እዚህ ላይ ሁለት ነጥቦች ጥንቃቄ ይሻሉ። (ለማንበብ እንዲቀል መንገዶቹን በግዕዝ ፊደል ጽፈናቸዋል።)

ሀ/ ቅደም ተከተል፦ በጉግል አፕ ኤንጂን የማስተላለፊያ ፋይል ውስጥ ደንቦች ከላይ ወደ ታች ይነበባሉ፤ በመጀመሪያ የገጠመው ደንብ ይሠራል። ስለዚህ ሁሉን የሚቀበል የኮከብ ደንብ ከላይ ከተጻፈ፣ ከሥሩ ያለው /ድንገተኛ ለዘለዓለም አይነበብም። በጭነት አከፋፋዩ የመንገድ ደንቦች ግን የጽሑፉ ተራ ለውጥ አያመጣም፤ ይበልጥ ረጅሙና ዝርዝሩ መንገድ ያሸንፋል።

ለ/ የመጨረሻዋ ሰያፍ መስመር፦ በዚሁ ጭነት አከፋፋይ /ሐኪም/* የሚለው ደንብ /ሐኪም/ጥርስን ይቀበላል፤ ብቻውን የተጻፈውን /ሐኪም ግን አይቀበልም። ሁለቱም መመዝገብ አለባቸው።

3. የፊደላችን ጉዳይ

የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ተካቷል። ሆኖም እያንዳንዱ ፊደላችን በዩ ቲ ኤፍ 8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ አድራሻ ውስጥ ሲገባ በመቶኛ ምልክት ተቀይሮ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። «ሐኪም» የሚለው ሦስት ፊደል 27 ምልክት ሆኖ ይላካል ማለት ነው። ከዚህም በላይ ሐኪም፣ ሀኪምና ሃኪም ለእኛ አንድ ቃል ሲሆኑ ለማሽኑ ሦስት የተለያዩ መንገዶች ናቸው። መፍትሔው አንዱን መደበኛ አድርጎ፣ ሌሎቹን በ301፣ ማለትም በቋሚ ማዛወሪያ፣ ወደ እርሱ መላክ ነው። ሐ እና ሀን ባለመለየቷ ምክንያት እኅታችን ከበር መመለስ የለባትም።

4. ያልተገኘ ገጽ

አድራሻው ከጠፋ ማሽኑ 404 የሚል መልስ ይሰጣል። መልሱ ትክክል ነው፤ ገጹ ግን ባዶ መሆን የለበትም። ቢያንስ የቀይ ጨረቃ አምቡላንስ ስልክ 997ና የጤና ሚኒስቴር መረጃ ስልክ 937 በአማርኛ ሊጻፉበት ይገባል። አንድ ጊዜ ለሕዝብ የተሰጠ አድራሻም በዘፈቀደ ሊለወጥ አይገባውም፤ ወረቀት ላይ ጽፋ ቦርሳዋ ውስጥ የያዘችው ሴት ለውጡን የሚነግራት የለም። መለወጥ ግድ ከሆነ አሮጌው ወደ አዲሱ ይዛወር።

5. በአድራሻ ውስጥ ፈጽሞ የማይጻፍ

ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው። ኤች ቲ ቲ ፒ ኤስ በመስመር ላይ የሚያልፈውን መንገድና መጠይቅ ከሌላ ሰው ዓይን ይሰውራል፤ የአስተናጋጁን ስም ግን በአብዛኛው አይሰውርም። ከዚህም ሌላ ሙሉው አድራሻ በሁለት ቦታ ይቀራል፤ በማሽኑ የመዝገብ ፋይልና በስልኩ የጉብኝት ታሪክ። ብዙ እኅቶቻችን ስልካቸውን ሌላ ሰው ያየዋል። በአድራሻው ላይ «እርግዝና» ወይም «ድብደባ» የሚል ቃል ቢነበብ ምን ሊከተል እንደሚችል አባላት ታውቃላችሁ። ስለዚህ፦

— ስም፣ የኢቃማ ቁጥርና የሕመም ዓይነት በመንገድም ሆነ በመጠይቅ ውስጥ አይግቡ፤
— በቅጽ የሚሞላ መረጃ በጌት ሳይሆን በፖስት ዘዴ፣ በጥያቄው አካል ውስጥ ይላክ፤
— ጥንቃቄ ለሚሹ ገጾች ትርጉም የሌለው የቁጥር መንገድ ይሰጥ፤
— የመዝገብ ፋይሎች ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጡ ይወሰን።

የሳዑዲ ዓረቢያ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግም ከሴፕቴምበር 14 ቀን 2023 ጀምሮ የጸና ሲሆን፣ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋል። የበሽተኛን ምስጢር መጠበቅ ግን ሕጉ ከመውጣቱ በፊትም የሙያችን ግዴታ ነበር።

እንግዲህ ሰንጠረዡ ከመጽደቁ በፊት አባላት ሁሉ አንድ በአንድ እንዲያነቡት፣ እያንዳንዱንም መንገድ በገዛ ስልካቸው እንዲሞክሩት እናሳስባለን። ዕውቀቱ በጥቂት ባለሙያዎች እጅ ከቀረ አገልግሎቱ የወገናችን ሊሆን አይችልም።