ምስጋና እንጂ እጅ መንሻ አይሁን

በዓል በተቃረበ ቍጥር በየቤቱ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ይኸውም ዓመቱን ሙሉ ለልጃችን የደከመውን ሰው በምን እናመስግነው የሚል ነው። ጥያቄው በተለይ የሚከብደው ከእኩዮቹ ይልቅ ብዙ እንክብካቤ የሚያሻው ልጅ ባለበት ቤት ነው። እግሩ አልጸና ያለውን ልጅ እየደገፈ የሚያስኬደው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ አንድ ቃል ለማናገር ወራት የሚታገሠው የንግግር ሕክምና ባለሙያ፣ ያልታዘዙ ጣቶችን ቁልፍ መቈለፍና ማንኪያ መያዝ የሚያለማምደው የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ፣ እንዲሁም ማየት ወይም መስማት ለተሳነው ልጅ ፊደል የሚያስቈጥረው መምህር ድካማቸው በደመወዝ ብቻ የሚለካ አይደለም።

ወላጅም ይህን ስለሚያውቅ ውለታው ይከብደዋል። በበዓል ዋዜማ አንዳንዱ ተበድሮም ቢሆን ውድ ዕቃ ገዝቶ ይቀርባል። ሌላው የሚገዛበት ሲያጣ ከመምህሩ ዐይን እየተሸሸገ፣ እንኳን አደረሰዎ ማለትን እንኳ ፈርቶ በዓሉን ያሳልፋል። ባዶ እጁን መቅረብ አሳፍሮት ልጁን ከሕክምና ቀጠሮ ያስቀረ ወላጅ ቢኖር ደግሞ ጉዳቱ የሚታየው በልጁ እግር ላይ ነው። ስለሆነም ነገሩ የወግ ጉዳይ ብቻ ተብሎ ሊታለፍ አይገባም።

በእኛ አስተያየት መልካም ስጦታ የሚባለው ባለሙያው የደከመበት ሥራ በወላጅ ዘንድ መታየቱን የሚገልጽለት ነው። ለዚህም ከገንዘብ ይልቅ ማስተዋል ያስፈልጋል። አባቶችና እናቶች «ያለውን የሰጠ ንፉግ አይባልም» ሲሉ የተናገሩት ብሂል የአቅም ማነስ ለምስጋና እንቅፋት እንደማይሆን የሚያረጋግጥ ነው።

ልማዳችንና ቋንቋችን ምን ይላሉ?

ለመምህር ገጸ በረከት ማቅረብ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ ፊደል ቈጥሮ፣ ንባብ ለይቶ ዳዊት በደገመ ጊዜ ወላጆቹ እንደ አቅማቸው ደግሰው የኔታን ያከብሩ ነበር። በቁርኣን ትምህርት ቤትም ልጁ ቁርኣኑን ሲያኸትም የደስታው ተካፋይ አስተማሪው ነው። በሁለቱም ዘንድ ልብ ሊባል የሚገባው ድግሱ የሚደረገው ልጁ ከአንድ ደረጃ በደረሰ ጊዜ መሆኑ ነው። ስጦታው ከተሠራው ሥራ ጋራ የተሳሰረ ነው እንጂ ወላጅ ገና ለሚፈልገው ነገር አስቀድሞ የሚከፍለው ዋጋ አይደለም።

ቋንቋችንም ይህን ልዩነት ጠብቆ ይዟል። ሰው ወዳጁን ሊጠይቅ ሲሄድ የሚይዘው መተያያ ይባላል። በአክብሮት የሚቀርበው ገጸ በረከት ነው። እጅ መንሻ ግን ታናሽ ለታላቅ፣ ባለጉዳይ ለሹም የሚያቀርበው በመሆኑ በውስጡ ልመና አለበት። መማለጃ ከተባለ ደግሞ ጉቦ መሆኑ ነው። አንድ ኪሎ ቡና እንደ ጊዜውና እንደ ሰጪው አሳብ ከአራቱ አንዱን ሊሆን ይችላል። በእንቍጣጣሽ ዕለት ባለፈው ዓመት ላስተማረ መምህር የቀረበ እንደሆነ የወዳጅ መተያያ ነው፤ መምህሩ ከዚያ ወዲያ ለልጁ የሚሰጠው ማርክ የለውምና። በፈተና ሰሞን ወይም የሕክምና ተራ ለመቅደም የቀረበ እንደሆነ ግን ቡናው ያው ሆኖ ሳለ ስሙ ይለወጣል።

በድንበር ከተማ

በሞያሌና በአካባቢዋ ጉዳዩ ሌላም መልክ አለው። ሞያሌ ከአዲስ አበባም ሆነ ከናይሮቢ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በኢትዮጵያና በኬንያ ወሰን ላይ ለሁለት የተከፈለች ከተማ ናት። ቦረናው፣ ገሪው፣ ቡርጂውና ሌላውም ሕዝብ በሁለቱም ወገን ይኖራል። በዓሉም እንደ ሕዝቡ ብዙ ነው። በኢትዮጵያ በኩል እንቍጣጣሽ መስከረም 1 ቀን፣ ገና ታኅሣሥ 29 ቀን ይከበራሉ። በኬንያ በኩል የልደት በዓል የሚውለው ዲሴምበር 25 ቀን ነው። ዒድ አልፈጥርና ዒድ አልአድሐ ደግሞ ወሰን ሳይለዩ ሁለቱንም ወገን ያዳርሳሉ። የትምህርቱም ዘመን እንዲሁ ይለያያል፤ በኢትዮጵያ በመስከረም ሲከፈት በኬንያ በጃንዋሪ ተጀምሮ ከልደት በዓል በፊት ይዘጋል።

ስለዚህ ወላጅ በመጀመሪያ ሊያውቅ የሚገባው የራሱን ሳይሆን የተቀባዩን በዓል ነው። ሙስሊሙ ወላጅ ለክርስቲያኑ መምህር በገና፣ ክርስቲያኑ ወላጅ ለሙስሊሙ ባለሙያ በዒድ የመልካም ምኞት ቃል ቢያቀርብ አክብሮቱ እጥፍ ይሆናል። ምግብ የሚሰጥ ከሆነም ጥንቃቄ ያሻል። ዲሴምበር 25 ብዙውን ጊዜ የሚውለው ታኅሣሥ 16 ቀን ሲሆን የኦርቶዶክስ ክርስቲያን በዚያን ዕለት በጾመ ነቢያት ላይ ነው፤ ቅቤና እንቁላል የገባበት ኬክ ቢቀርብለት ያስጨንቀዋል እንጂ አያስደስተውም። ሥጋም ክርስቲያንና ሙስሊም በየራሳቸው ዕርድ ስለሚመገቡ የሚያስቸግር ስጦታ ነው። ቡና፣ ሻይ ቅጠል፣ ስኳር፣ ማር፣ ቴምርና የቦረና ዕጣን ግን ከማንም ቤት የሚገቡ ናቸው።

በኬንያዋ ሞያሌ በኩል እንደ ዳበል ባለች ስፍራ ከሩቅ ተመድቦ የመጣ መምህር ወደ ቤተ ዘመዱ መድረስ ካልቻለ በዓሉን በኪራይ ክፍሉ ብቻውን ሊውል ይችላል። እንዲህ ላለው ሰው ከማዕድ መጠራትን የሚያህል ስጦታ የለም። በቦረና ደንብ በቅቤ የተጠበሰው ቡና ቀላ ቀርቦለት፣ ወተት በጮጮ ተቀድቶለት፣ ያስተማረው ልጅ ከጎኑ ተቀምጦ ቢውል መንደሩ የእርሱም መንደር መሆኑን ያውቃል። መምህር ከሩቅ ወረዳ ዝውውር የሚጠይቅበት ምክንያት ብዙ ነው። ውኃውንና መንገዱን ወላጅ ሊያስተካክለው አይችልም፤ የብቸኝነቱ ፈውስ ግን በወላጅ እጅ ነው። መምህሩ በሄደ ቍጥር ከአዲስ ሰው ጋራ እንደገና ለመላመድ የሚቸገረው፣ አንዳንዴም የለመደውን የሚረሳው፣ ልዩ እንክብካቤ የሚያሻው ልጅ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም።

ከሙያው ጋራ የሚነጋገር ስጦታ

ይህ ዓይነቱ አገልግሎት በሁለቱም አገሮች ታሪክ አለው። ቸሻየር በኢትዮጵያ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1962 ሲሆን በመናገሻ ማዕከሉ የአካል ጉዳት ያለባቸውን ልጆች ሲረዳ ቆይቷል። በወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የተቋቋመው ጆይ የኦቲዝም ማዕከል በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኦቲዝም ማዕከል ነው። የጎንደር ዩኒቨርስቲም የፊዚዮቴራፒና የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። በኬንያ ደግሞ የአካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች የሚመዘኑባቸው ማዕከሎች እ.ኤ.አ. በ1984፣ የልዩ ትምህርት መምህራን የሚሠለጥኑበት ተቋም በ1986 ሥራ ጀምረዋል። ይሁን እንጂ ባለሙያዎቹ ከልጆቹ ቍጥር ጋራ ሲነጻጸሩ ጥቂቶች ናቸው። ከዋና ከተማ በራቀ ስፍራ ቀጠሮ ከቀጠሮ ይራራቃል፤ በመካከል ያለውን ሥራ የሚሠራው ቤተ ሰብ ነው።

ከዚህም የተነሣ ለባለሙያ ከሁሉ የሚበልጠው ስጦታ የታዘዘው ልምምድ በቤት መሠራቱን የሚያሳይ ደብተር ነው። በአንድ ተራ ደብተር ላይ «ዛሬ ተለማምዷል»፣ «ዛሬ ስላመመው ቀርቷል»፣ «ዛሬ ሳይደገፍ ሦስት እርምጃ ሄደ» እየተባለ በየቀኑ ቢጻፍና በበዓል ዋዜማ ለባለሙያው ቢቀርብ ያስደስተዋል፤ ለሚቀጥለው ሕክምናም መመሪያ ይሆነዋል። መጻፍ የማይችል ወላጅ በቀን አንድ ጭረት ቢያሠምር ይበቃል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው የልጁ መሻሻል የዕለት ዕለት ዐይን የማያየው ሲሆን ደብተሩ ግን ይመሰክራል።

ሁለተኛው ልጁ የተማረውን ራሱን ስጦታ አድርጎ የሚያቀርበው ነው። በእግሩ መሄድ የጀመረው ልጅ አበባውን ከበሩ እስከ ባለሙያው ወንበር ድረስ ራሱ ተራምዶ ያድርስ። ንግግር የሚለማመደው «አመሰግናለሁ» ወይም «ገለቶማ» የሚለውን፣ በኬንያ በኩልም «አሳንቴ ምዋሊሙ» የሚለውን ቃል ለሳምንታት ተለማምዶ በበዓሉ ቀን ይናገር፤ ቃሉ ተሰብሮ ቢወጣም የንግግር ሕክምና ባለሙያው ዋጋውን ያውቃል። ማየት የተሳነው በስሌትና በስታይለስ አንድ መስመር ምስጋና በብሬል ይውጋ። መስማት የተሳነው ልጅ ቤተ ሰብ ደግሞ ጥቂት የምልክት ቋንቋ ቃላት አጥንቶ በመምህሩ ፊት ከልጁ ጋራ ቢነጋገርባቸው ለመምህሩ ከዚህ የበለጠ ደስታ አይኖርም። መምህሩ ያስተማረው ቋንቋ ከክፍሉ ወጥቶ ቤት ገባ ማለት ነውና።

በእንቍጣጣሽ ልጃገረዶች አበባየሆሽ እያሉ ሲዞሩ ወንዶች ልጆች የአበባና የመላእክት ሥዕል ሥለው ለጎረቤት ማደላቸው የታወቀ ነው። እጁ የሚንቀጠቀጥ ልጅም የራሱን ሥዕል ይሣል። እዚህ ላይ ለወላጆች አደራ የምንለው ነገር አለ። ታላቅ ወንድም ወይም እኅት የልጁን ጠማማ መስመር አያቃኑለት። እርሳስ መያዝ ያስተማረው ባለሙያ ያች ጠማማ መስመር ስንት ወር እንደፈጀች ያውቃል፤ የተቃናችው መስመር ግን ለእርሱ የምትነግረው ነገር የላትም።

ሦስተኛው ከአካባቢ በሚገኝ ቍሳቍስ የሚሠራ መርጃ መሣሪያ ነው። የጨርቅ ኳስ፣ ለጡንቻ ልምምድ የሚሆን በአሸዋ የተሞላ ትንሽ ከረጢት፣ ለመቍጠርና ቀለም ለመለየት በገመድ የተሰካ ቆርኪ፣ ትልልቅ ቁልፎች የተሰፉበት የመለማመጃ ጨርቅ፣ ይህን ሁሉ በትርፍ ጊዜ መሥራት ይቻላል። አናጢ የሆነ አባት ልጆች ይዘውት መራመድን የሚለማመዱበት ትይዩ የእንጨት መደገፊያ ቢሠራ ከልጁ አልፎ ለሌሎች ልጆችም ይተርፋል። ነገር ግን መጠኑንና ክብደቱን አስቀድሞ ባለሙያውን መጠየቅ ይገባል፤ ያለ መጠኑ የተሠራ መሣሪያ ይጎዳልና።

መጠኑና አሰጣጡ

ስጦታ ከመጠን ሲያልፍ ተቀባዩን ያስራል፤ የማይችለውንም ወላጅ ያሳቅቃል። ሕግም ቢሆን ዝም አላለም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣችው የመንግሥት ሠራተኞች ሥነ ምግባር ሕግ ለሠራተኛ በሥራው ምክንያት የተሰጠ ገንዘብ ለመሥሪያ ቤቱ እንደተሰጠ እንዲቈጠር ደንግጎ ነበር። ትምህርቱ ግልጽ ነው። በፖስታ የታሸገ ገንዘብ፣ ወርቅና ውድ ስልክ የምስጋና ስጦታ ሊሆኑ አይገባም።

ወላጆች አንድ ዕቃ መግዛት ከፈለጉ ተባብረው ቢገዙ ይመረጣል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። እያንዳንዱ እንደ አቅሙ አዋጥቶ፣ ማን ስንት እንዳወጣ ሳይጻፍ በሁሉም ልጆች ስም አንድ ምንጣፍ ወይም አንድ የሻይ ፔርሙዝ ለክፍሉ ቢቀርብ ሰጪና ያልሰጠ አይለይም። በዚህም ጊዜ ዋናውን ባለሙያ ብቻ አመስግኖ መለየት አይገባም። ልጁን ከጋሪው የሚያወርደው ዘበኛ፣ ልብሱን የምትለውጠው ሞግዚት፣ ክፍሉን የምታጸዳው ሠራተኛ የሥራው ተካፋዮች ስለሆኑ ስማቸው ይጠራ።

ሁሉም ቢያጣ

ይህ ሁሉ ባይቻል አንድ ገጽ ወረቀት አይጠፋም። የምስጋና ደብዳቤ ጥሩ የሚሆነው በቃላት ብዛት ሳይሆን የተሠራውን ነገር ለይቶ በመጥቀሱ ነው። «ስለ ደግነትዎ እናመሰግናለን» የሚለው ለማንም ሊጻፍ ይችላል። «ልጃችን ወደ እርስዎ ሲመጣ ጽዋ መያዝ አይችልም ነበር። ዛሬ ቡና ሲፈላ ለአያቱ ስኒ ያቀብላል። አያቱም ይመርቅዎታል» የሚለው ግን ለአንድ ሰው ብቻ የተጻፈ ነው። በደብዳቤው መጨረሻ ልመና አይግባበት፤ ስለ ሚቀጥለው ቀጠሮ ወይም ስለ ውጤት የሚነሣ ነገር ካለ ለሌላ ቀን ይቈይ።

የደብዳቤው ግልባጭ ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ወይም ለሕክምና ክፍሉ ኃላፊ ቢደርስ ደግሞ በባለሙያው የግል ማኅደር ውስጥ ይቀመጣል። ማር ይበላል፣ ቡና ይጠጣል፤ ማኅደር ውስጥ የገባ ምስክርነት ግን ሠራተኛው ለእድገት በሚታይበት ጊዜ ስለ እርሱ ይናገራል። ለዚህ የሚሆን ሃይማኖት የማይለየው ቀን የሚሻ ወላጅ ቢኖር፣ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ኦክቶበር 5 የሚከበረው የዓለም የመምህራን ቀን በእኛ አቈጣጠር መስከረም መጨረሻ ላይ ይውላል።

እንግዲህ በሚመጣው በዓል ወደ ገበያ ከመውጣታችን በፊት ቁጭ ብለን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ልጃችን ባለፈው ዓመት የማይችለውን ዛሬ ምን ይችላል? ያንንስ ማን አስቻለው? መልሱን በግልጽ ያወቀ ወላጅ ስጦታውን አግኝቷል፤ የሚቀረው ልጁን ይዞ ሄዶ መናገር ብቻ ነው።