ያልታየውን መቁጠር፦ የዱር እንስሳት ብዛት ግምትና ክትትል በባሌ ተራሮች

መግቢያ

ከብቶቹን ማታ ወደ በረት የሚያስገባ እረኛ ስንቱ ገባ፣ ስንቱ ቀረ ብሎ አንድ በአንድ ይቆጥራል። የዱር እንስሳ ግን በረት የለውም፤ ከፊሉ በቁጥቋጦ ይሸሸጋል፣ ከፊሉ ሌሊት ብቻ ይወጣል፣ ከፊሉም ሰው ሲያይ ይሸሻል። ስለዚህ የሥነ ምኅዳር ተመራማሪ በመዝገቡ የሚያሰፍረው ያየውን እንጂ ያለውን ቁጥር አይደለም። የሁለቱን ልዩነት በሥርዓት መገመትና ግምቱን ከዓመት ዓመት ማነጻጸር የዘርፉ ዋና ተግባር ነው። ይህ ጽሑፍ ዘዴዎቹን በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ምሳሌነት ያብራራል።

የግምት ዘዴዎች

በጋይሳይ ሣር ሜዳ የሚሰማራው ደጋ አጋዘን በዓይን ሊቆጠር ይችላል። ቆጣሪዎች አስቀድሞ በተወሰነ ቀጥታ መስመር እየተጓዙ ያዩትን እንስሳ ሁሉ ከመስመሩ ካለው ርቀት ጋር ይመዘግባሉ። በመስመሩ አጠገብ ያለው ሁሉ ይታያል ተብሎ ይታሰባል፤ ርቀቱ ሲጨምር የሚታየው ቁጥር የሚቀንስበት ፍጥነት ደግሞ የመታየት ዕድልን ለማስላት ያገለግላል። ለምሳሌ፣ በአንድ ክልል 40 አጋዘን ቢታዩና የመታየት ዕድላቸው ግማሽ ቢሆን፣ በክልሉ ያሉት 80 ያህል ናቸው። ጥቅጥቅ ባለው የሐረና ደን ግን ዓይን ብዙ ስለማያገለግል ኮቴና ፋንድያ እንደ አመልካች ይወሰዳሉ።

ለአይጦችና ለመሰል ትንንሽ እንስሳት የሚመረጠው ይዞ፣ ምልክት አድርጎ፣ ለቆ እንደገና መያዝ ነው። የዴንማርኩ ተመራማሪ ፒተርሰን በ19ኛው ምዕት ዓመት መገባደጃ ለዓሣ፣ አሜሪካዊው ሊንከን በ1930 እ.ኤ.አ. ለዳክዬ ከተጠቀሙበት ወዲህ ስሌቱ በሁለቱ ስም ይጠራል። በመጀመሪያው ዙር 60 አይጦች ምልክት ተደርጎባቸው ተለቀቁ እንበል። በሁለተኛው ዙር ከተያዙት 50 ውስጥ ምልክት ያለባቸው 15 ከሆኑ፣ ምልክት የተደረገባቸው ከጠቅላላው 30 በመቶ ናቸው ማለት ነው፤ ስለዚህ ጠቅላላው ብዛት 200 ያህል ይሆናል።

ስሌቱ ቀላል ቢመስልም በቅድመ ሁኔታዎች ላይ የቆመ ነው። በሁለቱ ዙሮች መካከል ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ከግምት የማይገባ መሆን አለበት፤ ምልክቱ መጥፋት የለበትም፤ አንድ ጊዜ የተያዘውም እንስሳ ወጥመድ መሸሽ የለበትም። ከሸሸ፣ ዳግም የሚያዘው ስለሚያንስ ብዛቱ ካለው በላይ ተደርጎ ይገመታል።

ከግምት ወደ ክትትል

አንድ ጊዜ የተገኘ ቁጥር የእንስሳቱን አቅጣጫ አያሳይም። በየዓመቱ 5 በመቶ የሚቀንስ መንጋ በ10 ዓመት ውስጥ 40 በመቶ ያህሉን ያጣል። የየዓመቱ ግምት እስከ 20 በመቶ የሚደርስ ስህተት ቢኖረው ግን የአንድ ዓመት ቅነሳ ከቆጠራው ስህተት ተለይቶ አይታይም። ስለዚህ ቆጠራው በተመሳሳይ ወቅት፣ በተመሳሳይ መስመርና በተመሳሳይ ዘዴ መደጋገም አለበት። የቆጣሪዎች ቁጥር በእጥፍ ጨምሮ ብዙ እንስሳት ቢታዩ፣ የበዛው እንስሳው ይሁን ቆጣሪው መለየት ያዳግታል። እያንዳንዱ ግምት ከስህተት ወሰኑ ጋር የሚቀርበውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ቁጥሩ ብቻውን የማይነግረው ነገርም አለ። በዓለም ላይ ለአካለ መጠን የደረሱ ከ500 በታች እንደሆኑ የሚገመቱት ቀይ ቀበሮዎች፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚገኙት በባሌ ነው። ቀን ለየብቻ አይጥና ፍልፈል ሲያድኑ ይውላሉ፤ ንጋትና ምሽት ላይ ግን ተሰብስበው የክልላቸውን ድንበር ይዞራሉ። ተከታታዮች እያንዳንዱን መንጋ ለይተው የሚያውቁት በዚህ ሰዓት ነው። በመንጋው በአብዛኛው የምትወልደው የበላይዋ ሴት ብቻ በመሆኗ፣ ስንት ቀበሮ አለ ከሚለው ባሻገር ስንት መንጋ ወለደ፣ ስንት ግልገል አደገ የሚሉት ጥያቄዎችም ይመዘገባሉ።

የዚህ ክትትል ጥቅም በ2003 እ.ኤ.አ. ታይቷል። በዚያ ዓመት ከቤት ውሾች የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ገደለ። መንጋዎቹ ቀድሞ የታወቁ ስለነበሩ የሞቱ መጠን በወቅቱ ተለየ፤ ሸለቆውን ከአጎራባች ቦታዎች በሚያገናኙ መተላለፊያዎች ያሉ ቀበሮዎችም ተይዘው ተከተቡ። በ2006 እ.ኤ.አ. በኔቸር መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ሁሉንም መከተብ ሳያስፈልግ መተላለፊያዎቹ ላይ ያተኮረ ክትባት ወረርሽኙን ለመግታት እንደሚያስችል አሳይቷል። የትኛው መንጋ የት እንደሚኖር ባይታወቅ ኖሮ ክትባቱ የት መሰጠት እንዳለበት መወሰን አይቻልም ነበር።

ማጠቃለያ

የእንስሳት ቆጠራ ዋጋ የሚመዘነው በቁጥሩ ትልቅነት ሳይሆን ከአምናው ጋር ለመነጻጸር ባለው ብቃት ነው። የመታየት ዕድልን ያላካተተ፣ የስህተት ወሰኑን ያልገለጸ ወይም ዘዴውን በየጊዜው የለዋወጠ ቆጠራ ቅነሳን ሊሸፍን፣ የሌለ ጭማሪንም ሊያሳይ ይችላል። ቁጥራቸው በመቶዎች ለሚቆጠር እንስሳት ደግሞ የአንድ ወቅት መዘግየት የሚያስከትለው ጉዳት ከባድ ነው። ክትትሉ እንስሳቱ በዝተው በሚታዩባቸው ዓመታት ጭምር ሳይቋረጥ መቀጠል ያለበትም ለዚህ ነው፤ በደህናው ዓመት ያልተመዘገበ ብዛት በክፉው ዓመት መነጻጸሪያ ሊሆን አይችልምና።